የጳጉሜን 5 ምሽትና የአበበ ቢቂላ ሰዓት

በ1952 ዓ.ም. ጳጉሜን 5 ቀን፣ ዓመቱ ሊፈጸም የአንዲት ሌሊት ዕድሜ በቀረው ጊዜ፣ በደብረ ብርሃንና በአንኮበር፣ በተጉለትና በመንዝ ደጋ ያለው ሕዝብ እንደ አባቶቹ ሥርዓት ችቦውን አብርቶ አሮጌውን ዘመን ሲሸኝና የቅዱስ ዮሐንስን በዓል ሲቀበል፣ ከዚሁ ከሰሜን ሸዋ ምድር የበቀለ አንድ የክቡር ዘበኛ ወታደር በሮም ከተማ፣ የኢጣልያ ወታደሮች ግራና ቀኝ ቆመው ችቦ በያዙበት በጥንታዊው የአፒያ ጎዳና ላይ በባዶ እግሩ ይሮጥ ነበር። ሩጫው የተጀመረው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1:30 ሲሆን የተፈጸመው 3:45 ሆኖ ጥቂት ሰከንዶች እንዳለፉ ነው፤ ስለዚህ ዕለትን ከዋዜማው ምሽት በሚጀምረው በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ብንቈጥር፣ አበበ ቢቂላ በቆስጠንጢኖስ የድል ቅስት ሥር የመጨረሻውን እርምጃ ሲረግጥ ዘመኑ ተለውጦ መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ገብቶ ነበር።

ይህ የሁለት አገር ችቦ በአንድ ምሽት መገጣጠም በየዓመቱ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ሊወሳ የሚገባው ሆኖ ሳለ ሲወሳ እምብዛም አልሰማሁም፤ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የኖረው የባዶ እግሩ ዜና ብቻ ነው። እኔም ዛሬ ብዕር ያነሣሁት የባዶ እግሩን ዝና ለማሳነስ ሳይሆን፣ ከእግሩ ጋር አብሮ ሊታሰብ ይገባው የነበረው ሰዓቱ ከሕዝባችን ልቡና እየተፋቀ መሄዱ ስለሚያሳዝነኝ ነው። አበበ በሮም እንዴት ሆኖ ሮጠ ተብሎ ቢጠየቅ ሕፃን አዋቂው «በባዶ እግሩ» ብሎ ለመመለስ አይዘገይም፤ በስንት ሰዓት ገባ ቢባል ግን የተማረውም ያልተማረውም እርስ በርሱ ይተያያል።

ሰዓቱ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ ነበረ። ከዚያ በፊት በኦሊምፒክ ማራቶን ተይዞ የቆየው ክብረ ወሰን የቼኮዝሎቫኪያው ኤሚል ዛቶፔክ በ1944 ዓ.ም. በሄልሲንኪ ያስመዘገበው 2:23:03.2 ስለ ነበረ፣ አበበ ከዚህ ላይ ወደ 8 ደቂቃ የሚጠጋ ቀነሰ። ከዚህም የሚበልጥ ሥራ ሠርቷል፤ በዚያ ዘመን ማራቶን በይፋ የሚጸድቅ የዓለም ክብረ ወሰን ባይኖረውም የዓለም ምርጥ ሰዓት ተብሎ በባለሙያዎች ዘንድ የሚታወቀው የሶቪየት ኅብረቱ ሰርጌይ ፖፖቭ በ1950 ዓ.ም. ነሐሴ ወር በስቶክሆልም የሮጠው 2:15:17.0 ነበርና፣ አበበ ይህንን ሰዓት በ8 አሥረኛ ሰከንድ አሻሻለው።

8 አሥረኛ ሰከንድ ምን ያህል እንደ ሆነች ለማወቅ የሚፈልግ የአገሬ ሰው ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር የሚወስደውን መንገድ በሐሳቡ ይመልከት። ይህ መንገድ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን፣ የማራቶንን ርቀት ያህል ለማለት የሚያስደፍር ነው፤ ውርጭ ባረፈበት ሜዳ ላይ ጎሕ ሲቀድ የተነሣ እግረኛ፣ አህያውን እየነዳ የደጋውን ብርድ በጋቢው እየተከላከለ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው አንኮበር የሚደርሰው። አበበ ይህን የመሰለ ርቀት እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በአማካይ በ3 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ እየፈጀ ሮጠ፤ በዚያ ርምጃው ሲሰላ ከፖፖቭ ሰዓት የቀደመበት 8 አሥረኛ ሰከንድ 4 ሜትር ከጥቂት ብትሆን ነው። ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር በሚሆን ጎዳና ላይ የ4 ሜትር ብልጫ! ይህች ኢምንት ልዩነት በተአምር የተገኘች ሳትሆን በድካም፣ በልምምድና በምክር የተገኘች መሆኗን የሚያስተውል ሰው፣ አበበን ከጫማው ይልቅ በሙያው ያከብረዋል።

የባዶ እግሩንም ነገር ቢሆን እንደ ሆነው አልያዝነውም። ጫማ ከማጣት የተነሣ ሮጠ የሚሉ አሉ፤ ይህን ሲሉ ሊያመሰግኑት ፈልገው ሳያውቁት ያራክሱታል። በሮም የቀረበለት ጫማ እግሩን አልተመቸውም፤ በአገሩም ሳለ በባዶ እግር መሮጥን ለምዶት ነበርና፣ የማይመች ጫማ ቋጥሮ ከመሰንከል የለመዱትን መያዝ እንደሚሻል ከአሠልጣኙ ጋር መክሮ ወሰነ። አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን ስዊድናዊ ሲሆን ከጦርነቱ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በክቡር ዘበኛ መኰንኖችንና ስፖርተኞችን ያሠለጥን የነበረ ሰው ነው። ከሮም በፊት በነሐሴ ወር፣ አየሩ በሳሳበት በአዲስ አበባ ደጋ ላይ አበበ ማራቶንን በ2:21:23 ሮጦ ነበር፤ ይህም ዛቶፔክ በቆላማው አገር ካስመዘገበው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የፈጠነ ነው። እንግዲህ ዓለም በሮም አደባባይ ድንገት ከምድር የፈለቀ መስሎት ያደነቀው ሰው፣ ሰዓት በጨበጡ ሰዎች ዘንድ አስቀድሞ ተመዝኖ የታወቀ ነበር። ከእርሱ በፊት ስመ ጥር የነበረውን ዋሚ ቢራቱንም እዚህ ላይ ሳላነሣ አላልፍም፤ ለአበበ መንገድ የጠረገ፣ በክቡር ዘበኛ ሜዳ ላይም እንዲፈጥን ያስገደደው እርሱ ነውና።

ስለ ሩጫውም አንድ ነገር አስፍቼ ልናገር። ኒስካነን ለአበበ የሞሮኮውን ራዲ ቤን አብደሰላምን ተጠንቀቅ፣ ቁጥሩም 26 ነው ብሎ ነግሮት ነበር። ራዲ ግን በዚያ ቀን የማራቶኑን ቁጥር ሳይለብስ ቀርቶ ለ10 ሺህ ሜትር በተሰጠው በ185 ቁጥር ወጣ። አበበ የሩጫውን እኩሌታ ካለፈ በኋላ ባለ 185ቱን ሰው በጎኑ አድርጎ፣ ትከሻ ለትከሻ እየተነካኩ፣ በችቦው ብርሃን መካከል እየሮጠ ሳለ፣ ዐይኑ ግን ባለ 26ቱን ከፊት ይፈልግ ነበር፤ የሚያስፈራው ባላንጣ ገና ያልተደረሰበት መስሎት ይገሠግሣል፣ ባላንጣው ግን ትንፋሹ በሚሰማበት ቅርበት አብሮት ይሮጣል። ኒስካነንና አበበ ጎዳናውን አስቀድመው ባዩት ጊዜ ከፍጻሜው አቅራቢያ፣ በፖርታ ካፔና አደባባይ፣ ፋሽስቶች በ1929 ዓ.ም. ነቅለው የወሰዱት የአክሱም ሐውልት ቆሞ አግኝተውት ነበርና፣ ከባላንጣው የሚለይበትን ቦታ እዚያ ላይ ቈረጡ። እንደ ተባለውም ሆነ፤ ወደ ፍጻሜው ሲቃረቡ አበበ ፍጥነቱን ጨመረ፣ ራዲም ሊከተለው አልቻለም፣ በ25.4 ሰከንድ ተበልጦም 2:15:41.6 ሲል ገባ። ሦስተኛ የኒውዚላንዱ ባሪ ማጊ ሆነ። ሌላው ኢትዮጵያዊ አበበ ዋቅጅራም 7ኛ ሆኖ መግባቱ ከዚህ ዜና ጋር አብሮ ሊነገር ሲገባው፣ በአንደኛው አበበ ጥላ ሥር ተሸፍኖ ቀርቷል።

ይህ ሁሉ በሮም ሲሆን የሰሜን ሸዋ ሰው ምን ያውቅ ነበር? በዐይኑ ያየው የለም። በዘመኑ ቴሌቪዥን በአገራችን አልነበረም፤ ራዲዮም ቢሆን በከተማ ባለ ሥልጣን ቤትና በመሥሪያ ቤት ካልሆነ በገጠር አይገኝም ነበር። ስለዚህ የእኛ ሰው ደስታ የጆሮ ደስታ ነው፤ እንደ ወንጌል ቃል በሰሚና በአሰሚ የተላለፈ ነው። በደብረ ብርሃን ከተማ የሚኖሩ፣ ትውልዳቸው ከአንኮበር በታች ከቆላው ወገን የሆነ አንድ አዛውንት ያጫወቱኝን ላስቀምጥ። ወሬውን ያመጣው ከገበያ የተመለሰ ነጋዴ ነው፤ አባታቸው በዚያን ጊዜ ከደጃፍ ተቀምጠው ሞፈር ይጠርቡ ነበር። ነጋዴው «የእኛ አገር ወታደር ጣልያን አገር ላይ ሮጦ ዓለምን ሁሉ ቀደመ» ቢላቸው፣ አባትየው ከመጥረቢያቸው ቀና ሳይሉ «በማን አገር ነው ያልኸው?» ብለው ጠየቁ። ሲነገራቸው ደግመው ጠየቁ። በሦስተኛው መጥረቢያውን መሬት ላይ አኖሩና «ባንዲራችን እዚያው ወጣ?» አሉ፤ «ወጣ» ሲባሉ ከተቀመጡበት ተነሥተው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አቅጣጫ ዞረው እጅ ነሡ። እኚህ አባት በራስ አበበ አረጋይ ሥር ሆነው በተጉለትና በመንዝ ገደል አምስቱን ዓመት የተዋጉ አርበኛ ነበሩ። አገሪቱ ነጻነቷን ካገኘች 20 ዓመት እንኳ አልሞላም ነበርና፣ «በማን አገር» የሚለው ጥያቄ በዚያ ሰው አፍ ምን ያህል እንደሚከብድ አንባቢ ያስተውለዋል።

አዛውንቱን ሰዓቱን ያውቁ እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው። «ሰዓቱንስ እንጃ ልጄ፤ ማን ነግሮን?» አሉኝ። ጥፋቱ የእርሳቸው አይደለም። ሰዓቱ የተጻፈበትን ወረቀት ይዘን፣ መጽሐፍ አንብበን፣ ትምህርት ቤት ከፍተን ሳለ፣ ለልጆቻችን ተረት የሚመስለውን ብቻ መርጠን የነገርን እኛ ነን የምንወቀሰው።

ክብረ ወሰን የሰበረን ሰው ማሰብ በሌላውም ዓለም ትልቅ ነገር ነው። በአሜሪካ ሕዝቡ እንደ ሃይማኖት የያዘው ቤዝቦል የሚባል የዱላና የኳስ ጨዋታ አለ፤ በዚህ ጨዋታ የተወረወረችለትን ኳስ መትቶ ከሜዳው አጥር ውጭ የሚያሳርፍ ሰው «ሆም ራን» መታ ይባላል። ቤብ ሩት የሚባለው ስመ ጥር ተጫዋች በዕድሜው 714 ጊዜ እንዲህ መትቶ ነበርና፣ ይህ ቁጥር ከማንም የማይደፈር መስሎ 39 ዓመት ቆየ። በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 30 ቀን 1966 ዓ.ም. በአትላንታ ከተማ ከ53 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ እየተመለከተ ሃንክ አሮን 715ኛውን መታ። አሮን ጥቁር ስለ ነበረ፣ የነጩን ጀግና ቁጥር እንዳያልፍ የሚያስፈራሩ የዛቻ ደብዳቤዎች እየጎረፉለት ነበር ወደዚያ ቀን የደረሰው። በዚያ ሌሊት በሜዳው የነበሩትና በቴሌቪዥን የተመለከቱት የት ተቀምጠው እንደ ነበር፣ ከማን ጋር እንደ ነበሩ፣ ኳሷ አጥሩን ስታልፍ ምን እንዳሉ እስከ ዛሬ ይናገራሉ፤ ቁጥሩንም አብረው ይናገራሉ። 714ና 715 ሲባል ሕፃናቱ ሳይቀሩ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃሉ። በዚያው በ1966 ዓ.ም.፣ ጥቅምት 15 ቀን፣ የእኛ አበበ በ41 ዓመት ዕድሜው ዐርፎ ነበር፤ የእርሱን 2:15:16.2 ግን የሚያውቅ ልጅ በሰሜን ሸዋ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

እኛም የዱላና የኳስ ጨዋታ አለን። አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ከመንዲዳ ከተማ ብዙ ሳይርቅ በጃቶ ተወልዶ ሲያድግ፣ እንደ ሰሜን ሸዋ ልጆች ሁሉ ገና ይጫወት ነበር። የገናን ጨዋታ በደጋው ሜዳ ላይ ያየ ሰው ጥንጓ ምን ያህል እንደምታስሮጥ ያውቃል፤ ራሱ የጎበጠውን ዱላ ይዘው፣ የሁለት መንደር ጎረምሶች አንዱ ወደ ምሥራቅ አንዱ ወደ ምዕራብ እየመቱ፣ ድንበሩ አንዳንድ ጊዜ ኪሎ ሜትሮች ያህል በሚራራቅበት ሜዳ፣ አጥርና መስመር ሳይከለክላቸው ሲሮጡ ይውላሉ። የታጨደ ገብስ ቃርሚያው እግር ይወጋል፣ መሬቱ በታኅሣሥ ውርጭ ደርቆ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፣ ልጆቹም ባዶ እግራቸውን ናቸው። አበበ በሮም ድንጋይ ንጣፍ ላይ ያልተሰናከለው ይህን ሜዳ ስላወቀ ነው ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም። ነገር ግን በገና ጨዋታ ከመንደር እስከ መንደር ጥንጓን ያሻገረ፣ በአንድ ምት ሜዳውን ያስጨረሰ ስንት ጎበዝ ነበረ፤ ስሙን የጻፈለት፣ ርቀቱን የለካለት የለም፤ ያዩት ሲሞቱ ዝናውም አብሮ ሞተ። የአበበ ዕድል ከእነዚህ የተለየው ሰዓት በያዙ፣ በጻፉ፣ በመሰከሩ ሰዎች ፊት ስለ ሮጠ ነው። የተጻፈውን ይዘን ካልነገርነው እርሱንም እንደ ገና ጎበዞች ወደ ተረት ምድር ልንሰደው ነው።

ክብረ ወሰን ደግሞ ሊሰበር የተሠራ ነው፤ ይህንን አለመቀበል ከአላዋቂነት ይቈጠራል። የአበበን የሮም ሰዓት ጃፓናዊው ቶሩ ተራሳዋ በየካቲት 1955 ዓ.ም. በቤፑ ከተማ 2:15:15.8 ሮጦ በ4 አሥረኛ ሰከንድ አሻሻለው፤ 2 ሜትር ያህል ማለት ነው። ከዚያም አሜሪካዊው ባዲ ኤደለን፣ ከእርሱም በኋላ እንግሊዛዊው ባዚል ሂትሊ እየተከታተሉ አወረዱት፤ የሂትሊ ሰዓት 2:13:55 ነበረ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ገና አንድ ወር ከጥቂት ቀናት ሲሆነው፣ አበበ በዚህ ጊዜ ጫማ ተጫምቶ 2:12:11.2 ሮጠና ክብረ ወሰኑን መልሶ ወሰደ፤ ሁለተኛ የወጣው ያው ሂትሊ ከ4 ደቂቃ በላይ ቈይቶ ነው የገባው። በሁለት ተከታታይ ኦሊምፒክ ማራቶንን ያሸነፈ ከእርሱ በፊት አልነበረም። በሚያስደንቅ ሁኔታ ግን የዚህን የቶኪዮ ሰዓት ነገር፣ ከሮሙ እጅግ የሚበልጥ ሥራ ሆኖ ሳለ፣ ከሮሙ ያነሰ እናወሳዋለን፤ በእግሩ ጫማ ስለ ነበረ ይመስለኛል። በዚያው በ1957 ዓ.ም. ሌላው ጃፓናዊ ሞሪዮ ሺገማትሱ 2:12:00 ሮጦ ይህንንም አለፈው።

ከአበበ በኋላ የመጡት የአገራችን ሯጮች ክብረ ወሰንም እንዲሁ ነው፤ በላይነህ ዴንሳሞ ሚያዝያ 9 ቀን 1980 ዓ.ም. በሮተርዳም 2:06:50 ሮጦ ያቆመው ክብረ ወሰን ከ10 ዓመት በላይ ሳይነካ ቆይቶ በ1991 ዓ.ም. መባቻ በብራዚላዊው ሮናልዶ ዳ ኮስታ ተሰበረ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በኢትዮጵያ ሁለት ሺህኛ ዓመት፣ መስከረም ወር፣ በበርሊን 2:04:26፣ በዓመቱም እዚያው 2:03:59 ሮጠ። የቀነኒሳ በቀለ የ5 ሺህና የ10 ሺህ ሜትር ክብረ ወሰኖች ከ15 ዓመት ያላነሰ ጊዜ ጸንተው በኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌይ በተሻሻሉ ጊዜ የብዙዎቻችን ልብ አዝኖ እንደ ነበር አስታውሳለሁ፤ ሀብታችን የተዘረፈ ያህል የተሰማቸው ወዳጆችም ነበሩኝ። እኔ ይህን ኀዘን አልነቅፈውም፤ የሚወዱት ነገር ሲያልፍ አለማዘን ከፍቅር ማነስ ነውና። ግን ያለፈው ቁጥር እንጂ ሥራው አይደለም። መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ትእግሥት አሰፋ በበርሊን ማራቶንን በ2:11:53 ስትፈጽም የዓለም የሴቶችን ክብረ ወሰን ብቻ ሳይሆን አበበ በቶኪዮ የሮጠውንም ሰዓት ቀደመች፤ የዘመኑ ጫማ፣ የዘመኑ ምግብ፣ አሯሯጭ የተመደበበት ጎዳና የረዳት ቢሆንም ቀድማዋለች። ይህንን ስሰማ ለአበበ አልተቈጨሁም፤ ደስ አለኝ። ሁለቱን ሰዓቶች ጎን ለጎን አድርጎ ማየት የሚችለው ግን የፊተኛውን የሚያውቅ ብቻ ነው። የአበበን ቁጥር የረሳ ሕዝብ የትእግሥትን ሥራ ታላቅነት በምን ሊመዝነው ይችላል?

አባቶቻችን ማሰብን ያውቁበት ነበር። በቤተ ክርስቲያን በየዕለቱ የሚነበበው ስንክሳር የአንዱን ጻድቅ ወይም የአንዱን ሰማዕት ዜና ሲያነብ ተአምሩን ብቻ አያወራም፤ ዕለቱን፣ ወሩን፣ አገሩን፣ የአባቱንና የእናቱን ስም፣ በማን ንጉሥ ዘመን እንደ ኖረና ስንት ዓመት እንደ ተጋደለ ጨምሮ ይናገራል። ይህ የመዘገብ ልማድ በሰሜን ሸዋ እንግዳ አይደለም፤ ደብረ ብርሃን ራሷ በ15ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የተመሠረተችበትን፣ ስሟንም ከሰማይ ከታየው ብርሃን ያገኘችበትን ታሪክ የጻፉ ካህናት ባይኖሩ ከየት እናገኘው ነበር? ታዲያ የሩጫ ገድል ሲሆን ዕለቱን ጥሎ ሰዓቱን ሰርዞ «በባዶ እግሩ» የሚለውን አንድ ቃል ብቻ መያዝ ከአባቶቻችን ሥርዓት የወጣ ነገር ነው። በ2002 ዓ.ም. ኢትዮጵያዊው ሯጭ ሲራጅ ገና በሮም ማራቶን ፍጻሜው ሲቃረብ ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ገብቶ ሲያሸንፍ፣ የአበበ ድል 50 ዓመት ሊሞላው መሆኑን ለማስታወስ ነበረና ልቤ በሐሤት ተመላ፤ ሆኖም በዚያ ሰሞንም ቢሆን ሕዝቡ የተነጋገረው ስለ እግር ነው።

ከዚህ ሌላ የሰሜን ሸዋን ሰው ከአበበ ጋር የሚያገናኝ መራር ነገር አለ። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ በሸኖ አካባቢ የሚነዳት ቮልስዋገን ተገልብጣ እስከ ንጋት በውስጧ ተቀርቅሮ ቆየ፤ ከዚያ ወዲያ በእግሩ አልቆመም። ወደ እንግሊዝ አገር ወደ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተልኮ ታከመ፤ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦም በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ፤ በኖርዌይ አገር በውሾች በሚጎተት የበረዶ ጋሪ ውድድር አሸነፈ። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በቀብሩ ሥነ ሥርዓት ላይ ተገኝተው ነበር። በሸኖ መንገድ የምንመላለስ ሁሉ ቦታውን አልፈን እንሄዳለን፤ መኪናው ሲያልፍ ስሙን የሚያነሣ ሹፌር አጋጥሞኝ ያውቃል፣ የሮሙንና የቶኪዮውን ሰዓት ግን ማንም ሲጠራ አልሰማሁም።

ስለዚህ ምኞቴ ብቻ ሳይሆን ልመናዬ ይህ ነው። በ1953 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ 10 ዓመት የሞላው ልጅ ዛሬ 75 ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ የአበበን ወሬ በጆሮው የሰማ፣ አባቱ ወይም እናቱ ምን እንዳሉ የሚያስታውስ ሰው በደብረ ብርሃን፣ በአንኮበር፣ በመንዲዳና በሸኖ ገና በሕይወት አለ፤ ለብዙ ዓመት ግን አይቆይም። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች፣ የየወረዳው የባህል ጽሕፈት ቤቶች፣ የየደብሩ ካህናትም ቢሆኑ፣ እነዚህን አዛውንት እየፈለጉ ቃላቸውን ቢቀዱና ቢጽፉ ገንዘብ ሳይሆን ትጋት ብቻ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ሲጠይቋቸው ወሬውን ከማን እንደ ሰሙ፣ በስንተኛው ቀን እንደ ደረሳቸው፣ በቤት የነበሩት ምን እንዳሉ፣ ከአምስቱ ዓመት የጣልያን ዘመን ጋር በልባቸው እንዴት እንዳስተያዩት ይጠይቋቸው፤ እነርሱም በተራቸው አዛውንቱ ያልሰሙትን ይንገሯቸው፤ ሰዓቱ 2:15:16.2 መሆኑን፣ የፖፖቭን በ8 አሥረኛ ሰከንድ መቅደሙን፣ ባለ 185ቱን ሰው፣ ሰባተኛ የወጣውን አበበ ዋቅጅራን። እኔ ያነጋገርኋቸው አዛውንት ይህንን ስነግራቸው 4 ሜትሩን በደጃፋቸው በእግራቸው እንድለካላቸው አዘዙኝ፤ ለካሁላቸው፤ ከበሩ እስከ እንጨት ክምሩ ሆነ፤ «ለልጅ ልጆቼ ጻፍልኝ» ብለው ወረቀት አስመጡ።